የአዛዥ ኬልቶር ለቅሶ

ትናንት ሌሊት፣ የዛሬውን ቀረጻ እያሰብኩ ስብሰለሰል ጋደም እንዳልኩ እንቅልፍ ወሰደኝና ከታች እስከ ላይ የተገለበጠ ሕልም አየሁ። የመንግሥት ሰው ደጅ ሲጠና፣ አህያ ሰው ሲጭን፣ ሐዘንተኛ በሳቅ ሲንፈራፈር። ከመተኛቴ በፊት የነበርኩበትን ጭንቅ ካልነገርኳችሁ ግን ሕልሙ የእብድ ወሬ ይመስላችኋልና እሱን ላስቀድም።

ስሜ አንዷለም ነው። ሽሮ ሜዳ፣ እትዬ ስንቅነሽ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። «ሰባቱ ጨረቃ» የሚባል የውጭ አገር የጠፈር ተከታታይ ፊልም አለ፤ እኔና ጓደኛዬ ሥዩም እሱን እያየን ነው ያደግነው። የፊልሙ ጀግና አዛዥ ኬልቶር ይባላል። ሰባቱንም ጨረቃ ከጥፋት ያዳነው እሱ ነው። ታዲያ ይህን የመሰለ ሰው በመጨረሻው ክፍል መርከቡ ጋየችና ሞተ። ይሙት፣ ጀግና ይሞታል። እኔን ያንገበገበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ጓደኞቹ አንገታቸውን ለአፍታ ደፋ አደረጉ፣ አንዷ «ጥሩ ሰው ነበር» አለች፣ ወዲያው አንዱ ቀልድ ጣል አደረገና ተሳስቀው ፊልሙ አለቀ። ድንኳን የለ፣ አልቃሽ የለ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» የሚል አንድ ጎረቤት የለ። የሰባት ጨረቃ ሕዝብ በእሱ ተርፎ፣ ለእሱ ግን እንባ ጠፋ። እኔና ሥዩም ያን ቀን እራት አልበላንም።

ስለዚህ ለኬልቶር ራሳችን ልናለቅስለት ቆረጥን። አጭር ፊልም እንሠራለን አልን፤ ማንም ያላዘዘን፣ ለፍቅሩ ብቻ። ሥዩም ሰርግ ቀራጭ ስለሆነ ካሜራው በእሱ፣ ድርሰቱና ዝግጅቱ በእኔ ሆነ። ኬልቶርንም ሆኜ የምተውነው እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የመረጥነው ልጅ ፊት ላይ የሚቀባው የብር ቀለም አሳከከኝ ብሎ ጥሎን ሄደ። የጠፈር ልብሱን የሠራልን የሰፈራችን ሸማኔ ነው። ጥለት እንዳታደርግበት ብለን ብንለምነውም እጁ እምቢ አለውና የኛ ኬልቶር ደረቱ ላይ ባለጥለት ነው። መርከቡ ደግሞ የእድራችን ድንኳን ነው፤ የእድሩ ዳኛ ሰው ካልሞተ ውሰዱት ብለው በደግነት ፈቅደውልናል።

ሁሉም ተቀርጾ አልቋል። የቀረው ያ ሁሉ ልፋት የተለፋለት አንድ ትዕይንት ብቻ ነው፤ የሰባተኛዋ ጨረቃ ሕዝብ ድንኳን ተክሎ ለኬልቶር ሲያለቅስ። የሚያለቅስ ሰው ግን ጠፋ። ሰፈራችን ደግ ነው፤ ቅርጫት ራስህ ላይ ደፍተህ እንደ ጠፈር ሰው ሩጥልኝ ብትለው ይሮጥልሃል። አልቅስልኝ ስትለው ግን ያማትባል። ሰው ሳይሞት ማልቀስ ሟርት ነው። ከሁሉም የባሱት አከራዬ እትዬ ስንቅነሽ ናቸው። እትዬ ሙሾ ሲያወርዱ አስከሬኑም ተነስቶ ሊያለቅስ ምንም አይቀረው። ደጃቸው ላይ ቆሜ ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ቃጣኝ።

«እኔ ለቆርቆሮ ሰው አላለቅስም» አሉኝና በሩን ዘጉት።

ሥዩም ሐዋሳ ሥራ ስላገኘ ከዛሬ ወዲያ የለም። ዛሬ ካልተለቀሰ ኬልቶር ሳይለቀስለት ሊቀር ነው። እንግዲህ ይህን ይዤ ነው የተኛሁት።

በሕልሜ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የፈቃድ ቢሮ ሠራተኞች ከደጄ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰልፈዋል። ሁሉም ማኅተማቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ፊተኛው፣ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ፣ ወገቡ እስኪቀነጠስ እጅ ነሣኝ።

«ጌታዬ፣ እባክዎን ፈቃድ ልስጥዎት።»

«የምን ፈቃድ?»

«ደስ ያለዎትን። የቀረጻ፣ መንገድ የመዝጋት፣ የማፏጨት። የልጆች አባት ነኝ፣ አይጨክኑብኝ።»

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ክፉ ሆንኩ። ፈቃድ ተቀባዩ ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ተመለስ አልኩት። ተቀባዩ እኔው ነኝ፤ ስብሰባውም አልጋዬ ላይ ነበር። ሰውዬው ነገ የሚለውን ቃል ሲሰማ እንባውን ዘርግፎ አለቀሰ። እኔ የተቸገርኩበት እንባ! እጁን ለቀም አድርጌ ይህን እንባ ሳታፈስ ለቀረጻ ይዘህልኝ ና ብዬ ለመንኩት። ለካ በዚያ አገር ሰው የሚያለቅሰው ሲደሰት ነው። ትናንት የሄደበት ሰው በጭራሽ አትምጣ ብሎት ስለነበር፣ ነገ መባሉ እድገት ሆኖለት ነው።

ስታዝኑስ ምን ታደርጋላችሁ አልኩት።

«እንስቃለን» አለኝ። «አባቴ ሲሞቱ ጎኔን እስኪወጋኝ ነው የሳቅኩት። ሰው ይዞ ነው ያስቆመኝ።»

ይህን ብሎ ማኅተሙን ግንባሬ ላይ ሲመታው ራሴን ታክሲ ውስጥ አገኘሁት። ታክሲው ጎማዎቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ በጣሪያው ይንሸራተታል። ረዳቱ ኋላ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ጋዜጣ ያነባል። ተሳፋሪዎቹ በሩ ላይ ተንጠልጥለው «ሰባተኛ ጨረቃ የሞላ! አትግቡ፣ ቦታ የለም» እያሉ አላፊ አግዳሚውን ያባርራሉ፤ ሰዉም ይብስ እየተጋፋ ይገባል። መሪውን የያዙት አንዲት ባልቴት ናቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። እማማ፣ ኧረ ዓይንዎን ይግለጡ ብላቸው፣ ከገለጥኩማ እፈራለሁ አሉኝ። ከዚህ በኋላ የሚያዋጣኝ መውረድ ነው ብዬ «ወራጅ አለ» አልኩ። ታክሲው ወረደና ሄደ፤ እኛን ሰማይ ላይ ትቶን።

ተሳፋሪዎቹ የለመዱት ነገር ስለሆነ በእግራቸው ቀጠሉ። እኔም ተከተልኳቸው። ሰባተኛዋ ጨረቃ ላይ ስደርስ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሽሮ ሜዳ ናት። የሸማ ሱቆቹ፣ ቁልቁለቱ፣ ዳገቱ ላይ የሚንገታገተው አውቶቡስ፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል፤ ጠጋ ብዬ ስነካው ግን ካርቶን ነው። ሰዎቹ ፊታቸው አረንጓዴ፣ እጃቸው አራት አራት። ነጠላውን እግራቸው ላይ ጠምጥመው ጫማውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገዋል። ባለ ሦስት ዓይን ልጅ እግር ሴት ወደኔ መጣች። ፊልም እየሠራን ነው አለችኝ። «ሽሮ ሜዳ» የሚባል ተከታታይ አለ፣ እሱን እያየን ነው ያደግነው፣ አጭር ነው፣ ማንም አላዘዘንም፣ ለፍቅሩ ብቻ ነው አለችኝ። ቃሌን ከአፌ የሰረቀችኝ መሰለኝ።

እዚያው አጠገባችን ሁለት ሰዎች ተናንቀው ሊደባደቡ ነው። ጸባቸው፣ በእውነተኛው ሽሮ ሜዳ እንግዳ ብላ ሲባል እምቢ ብሎ እምቢ ብሎ መጨረሻ ላይ ይበላል ወይስ አይበላም በሚል ነው። አንዱ ይበላል፣ እኔ ክፍሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ ይላል። ሌላው ይበላል ግን ከበላ በኋላም አልበላሁም ይላል ብሎ ይምላል። ከእነሱ ወዲያ ሁለት ተዋንያን ሰላምታ ላይ ናቸው። ደህና ነህ፣ እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ ደህና፣ ደህና ነህ። ቀረጻው በጠዋት ተጀምሮ እስካሁን ወደ ዋናው ንግግር አልደረሱም። ኧረ በቃ ወደ ጉዳያችሁ ግቡ ብላቸው ሁሉም ዞረው አፈጠጡብኝ።

«ለመሆኑ አንተ ሽሮ ሜዳን አይተኸዋል?» አለችኝ ባለ ሦስት ዓይኗ።

እዚያ ነው የምኖረው አልኳት። በአንድነት ሳቁ። ማዘናቸው ነው።

አዘጋጁ አህያ ናቸው። መነጽር አጥልቀው፣ እንጨት በተጫኑ አራት ወንዶች ትከሻ ላይ ተቀምጠው መጡ። ወንዶቹ ሲለግሙ ሳብ ሳብ በሉ ይሏቸዋል፤ አለንጋ ግን አያነሱም፣ ጨዋ አህያ ናቸው። ጋሼ አህያ ዛሬ አንዷለም ለሚባለው ገጸ ባሕርይ ተዋናይ እንመርጣለን ብለው አወጁ። ይኼማ የኔ ነው ብዬ ተሰለፍኩ። ዳኞቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተደረደሩ አባ ኮዳዎች ናቸው፤ እነዚያ ቄራ ዙሪያ የሚውሉት መላጣ አሞራዎች። ተራዬ ደረሰ። ገባሁ፣ ቆምኩ፣ ስሜን ተናገርኩ፣ ሰፈሬን ተናገርኩ። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

አዛውንቱ አባ ኮዳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጥሩ ሞክረሃል። ግን አንዷለምን አትመስልም። አንዷለም ሲናገር እጁን ያወናጭፋል።»

ማን ያወናጭፋል ብዬ እጄን እያወናጨፍኩ ተከራከርኩ።

«አሁን ደግሞ አበዛኸው» አሉኝ።

ሚናው ባለ ሁለት ራስ ለሆነ ጎረምሳ ተሰጠ። ጎረምሳው አንዱ ራሱ ትራስ ላይ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ፣ ሌላው ስልክ ይዞ «መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ፣ ይኸው እየታየኝ ነው» ይላል። ሕዝቡ በደስታ ተላቀሰ። እኔ ግን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ቁርጥ እኔን ነው።

የትኛውን ክፍል ነው የምትሠሩት ብዬ ባለ ሦስት ዓይኗን ጠየቅኳት። የመጨረሻውን አለችኝ። በተከታታዩ ላይ አንዷለም ሲሞት ማንም ምንም አላደረገለትም፤ አንዱ ቀልድ ቀለደና አለቀ። እኛ ግን በደንብ እንሸኘዋለን አለችኝ።

«ቆይ፣ መቼ ነው የሞትኩት?»

እጇን፣ አራቱንም፣ አፏ ላይ ጫነች። «ክፍሉን አላየኸውም እንዴ? ይቅርታ፣ ታሪኩን አበላሸሁብህ።»

ድንኳኑ ተተከለ። ሕዝቡ ገባ። ጋሼ አህያ ጀምሩ ሲሉ ያ ሁሉ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ሆዱን ይዞ የሚንከባለል አለ፣ ደረቱን እየደቃ የሚንከተከት አለ፣ «አንዷለሜ» እያለች በሳቅ ራሷን የሳተች አለች። ሐዘናቸው እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሰው በሞትህ ሲስቅ ቆሞ ማየት ቀላል አይደለም፤ ሆድ ባሰኝ። ጥዬ ወጣሁ።

ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አዛዥ ኬልቶር ነው። እውነተኛው፣ ጥለት የሌለው። ከፊልሙ ይልቅ አጭር ነው፤ ፊቱም ጠውልጓል። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ፣ አንዱም አልመጣልኝም።

«የኔን ለቅሶ የምታወጣው አንተ ነህ አሉ» አለኝ።

«አዎ ጌታዬ። ነገ ነው።»

«ሰው ይመጣል?»

«ሰፈሩ በሙሉ» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ፣ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለልኝና ቀስ ብሎ «ንፍሮስ?» አለኝ።

ሰባት ጨረቃ ያዳነ ሰው ለለቀስተኛ ንፍሮ እንዳያንስ ይጨነቃል። በትልቁ ድስት ይቀቀላል አልኩት። ሽምብራ ይቀላቀልበት፣ ስንዴ ብቻ ከሆነ ሰው ይታዘባል አለኝ። እሺ አልኩ። በድንኳኑ ውስጥ ሳቁ ይንዶቀዶቃል።

«መርከቡ ሲቃጠል አልፈራሁም» አለኝ በመጨረሻ። «መሞቱም አልከበደኝም። ወዲያው ወሬ መቀየራቸውን ነው ያልረሳሁት።»

እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ማንም አይመጣም፣ ያለነው እኔና ሥዩም ነን፣ ሥዩምም ካሜራ ስለያዘ ማልቀስ አይችልም ልለው ነበር። አልቻልኩም። አላስቻለኝም። ያ ሰው እኔን አምኖ ነው እዚያ የተቀመጠው።

በዚህ መሐል ጋሼ አህያ በወንዶቻቸው ላይ ሆነው ከች አሉ። ባለ ሁለት ራሱ ጎረምሳ እርስ በርሱ ተኳርፎ ቀረጻ ጥሎ ሄዷል፣ ሬሳ ጎደለን አሉ። አባ ኮዳዎቹ ከጣሪያው ላይ አዩኝና ተማከሩ። ለሬሳ ይሆናል፣ ሬሳ እጁን አያወናጭፍም ተባለ። እምቢ ስል፣ ቅድም እንግዳ እምቢ ብሎም ይበላል ሲል የነበረው ሰውዬ «አያችሁ፣ ሽሮ ሜዳ ላይ እምቢ ማለት እሺ ነው» አለና በአራት እጁ ተሸክሞ ቃሬዛ ላይ አጋደመኝ። ጨርቅ አለበሱኝ። ዙሪያዬን ከበው ሳቁብኝ።

«እንዲህ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ለቅሶ እንዲህ አይደለም፣ አልቅሱልኝ እንጂ።»

ሬሳው እየረበሸ ነው፣ ዝም ይበል አሉ ጋሼ አህያ። ሳቁ ባሰበት። እንዲህ እያለ ከሳቁ መሐል አንድ ድምፅ ተሰነጠቀ፣ ከፍ አለ፣ ከፍ አለና እውነተኛ ለቅሶ ሆነ። ድምፁን አውቀዋለሁ። የት ነው የማውቀው ብዬ ሳስብ ዓይኔን ገለጥኩ።

ነግቷል። ለቅሶው ግን አላቆመም።

በመስኮቱ መጋረጃ ሥር አየሁ። ሥዩም የማለዳውን ብርሃን ልሻማ ብሎ፣ እኔን እንኳ ሳይቀሰቅሰኝ፣ የእድሩን ድንኳን ግቢያችን በር ላይ ተክሎታል። ዕድሜውን ሰርግ ሲቀርጽ የኖረ ልጅ ነውና ድንኳን ሲያይ ከጭፈራ ሌላ ነገር አይታየውም። በኋላ እንደሰማሁት፣ እትዬ ስንቅነሽ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲመለሱ ደጃቸው ላይ የእድር ድንኳን ቆሞ አገኙ። ግቢው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ያለሁት እኔ ብቻ፣ በሬም ዝግ። ማነው የሞተው ብለው ሥዩምን ሲጠይቁት አንገቱን ደፋ፤ ካሜራውን እያስተካከለ ነበር። ለእሳቸው ይህ በቂ ነው። እሳቸው ሲጮሁ ሰፈሩ ሰማ፣ ሰፈሩ ሲሰማ ወጣ። ነጠላውን አዘቅዝቆ ያልመጣ የለም። ሸማኔው ሳይቀር ግድግዳ ተደግፎ ይንሰቀሰቃል።

«አንዷለሜ» ይላሉ እትዬ ስንቅነሽ፣ ደረታቸውን እየመቱ። «ውኃ መጣ ብለህ የምትቀሰቅሰኝ፣ እንግዲህ ማን ይቀስቅሰኝ? እንባ ለመንከኝ፣ ጥቂት እንባ ለመንከኝ፣ ነፈግኩህ። ይኸው ልጄ፣ ሁሉንም ውሰደው።»

የሰፈሩ ሰው ለእኔ እንዲህ ያለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም። መጋረጃውን አፌ ላይ ይዤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወደ በሩ ሄጄ መሸጎሪያውን ስነካ፣ ከውጭ ሥዩም መያዣውን አንቆ ያዘ።

«አትውጣ» አለኝ በቀዳዳው፣ በሹክሹክታ። «እየቀረጽኩ ነው። እንዲህ ያለ ለቅሶ በሕይወቴ አላየሁም። በናትህ፣ ትንሽ ሞተህ ቆይ።»

ቆምኩ። መያዣውን ለቆ ወደ ካሜራው ሲሮጥ ሰማሁት። ካልወጣሁ ኬልቶር ለቅሶውን አገኘ፣ ፊልማችንም አለቀ። እትዬ ግን ድምፃቸው መሰንጠቅ ጀምሯል፤ የደም ብዛት አለባቸው። ኃጢአት ነው፣ ይቅር፣ ፊልሙ ይቅር አልኩ። በሩን በርግጄ ከፈትኩት።

እትዬ ስንቅነሽ ፊቴን ሊያዩ መጥተው ደጁ ላይ ቆመዋል። ተያየን። እጃቸው መጀመሪያ ወደ ደረታቸው፣ ቀጥሎ ወደ ላይ ሄደ። ጥፊውን ለመቀበል ዓይኔን ጨፈንኩ። ጥፊው ቀረ። ስገልጥ የሥዩምን ካሜራ እያዩ ናቸው፤ ነገሩ ገባቸው። ዞረው ድንኳኑን አዩ፤ ሕዝቡ አቀርቅሮ ያለቅሳል፣ እኔን ያየ የለም። ደረቴን ገፍተው አስገቡኝ፣ እሳቸውም ገቡ፣ በሩን ከኋላቸው ገጠም አደረጉት።

«ሙሾ ከመሐል አይቆረጥም» አሉኝ። «ግማሽ የተለቀሰ ለቅሶ የቀረውን ፍለጋ ሰው ቤት ይገባል። ተመልሰህ ተኛ። ልጨርሰው።»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ እኔ እኮ...»

«ከጨረስኩ በኋላ በገዛ እጄ ነው የምገድልህ።»

ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው ወጡ። አልጋዬ ላይ ወጥቼ ጋቢዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩ። ውጭ «ወይኔ ልጄን» ብለው ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ከቅድሙ ይልቅ አሁን የምራቸውን ነው።